ፎርማልዲሃይድና የምድጃ ጭስ

ፎርማልዲሃይድ ቀለም የሌለው፣ ሽታው የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። ከአዲስ ቺፑድና ኮምፔንሳቶ ሙጫ ይወጣል፤ እንጨት ሲነድም ይፈጠራል። በመሆኑም በጌዴኦ ዞን እንደ ወርቃ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ ብርድ ሲበረታ በር ተዘግቶ እሳት በሚነድበት ጎጆ፣ ምንጩ ከቤት ዕቃው ይልቅ ምድጃው ነው።

ጋዙ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ይቆጠቁጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያወጣው መመሪያ በ30 ደቂቃ አማካይ ከ0.1 ሚሊግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ያሳስባል።

ስለሆነም ሳል ለሚመላለስበት ሕፃን መድኃኒት ሲታዘዝ፣ የት እንደሚበሰልና ሕፃኑ የት እንደሚተኛ መጠየቅ ይገባል። ማብሰያውን ከመኝታ መለየት፣ ጭስ ማውጫ ማበጀትና ደረቅ እንጨት መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳሉ።