ስንዝሯ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድብድብ ትዕይንት ይዤ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ሁለት ሰዎች ጋራዥ ውስጥ ይደባደባሉ፤ ርዝመቱ ግማሽ ደቂቃ ነው። ዋናው ተዋናይ መልከ መልካም ነው፤ ማልቀስም ማሳቅም ያውቅበታል። መማታት ግን አይሆንለትም። ቡጢው ከባላንጣው አገጭ አንድ ስንዝር ርቆ ያልፋል። ካሜራው ከጎን ስለቆመ ስንዝሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ዳይሬክተሩ «ቆራርጠውና ይፍጠን፤ ድምፅ ሲገባበት ማን ያየዋል?» አለኝ። ቆራረጥኩት። ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሾት ገባ። ሲያልቅ መለስ ብዬ ሳየው፣ ማን ማንን እንደመታ እኔ የሠራሁት ሰውዬ እንኳ መለየት አቃተኝ።

እንዲህ ሲገጥመኝ የራሴን ዘግቼ የሰው ሥራ አያለሁ። በዚያ ሌሊት የከፈትኩት «ሻንግ ቺ እና የአሥሩ ቀለበቶች አፈ ታሪክ»ን ነው፤ ከማርቭል ኮሚክ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ደስቲን ዳንኤል ክሬተን ያዘጋጀው ፊልም። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ኩንግ ፉውንም ቴኳንዶውንም «የካራቴ ፊልም» ብሎ ነው የሚጠቀልለው፤ እኔም ከዚያ ወገን ነኝ። አክተር እንደማይሞት እያወቅን እንኳ ትንፋሻችንን ውጠን የምናየው፣ ምቱ የእውነት ስለሚመስል ነበር።

የአውቶቡሱን ትዕይንት ደጋግሜ አየሁት። ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ሆቴል በር ላይ መኪና እያቆመ የሚኖረው ልጅ፣ ሻንግ ቺ፣ ከጓደኛው ከኬቲ ጋር ወደ ሥራ ሲሄድ የአባቱ ሰዎች እናቱ የሰጠችውን የአንገት ጌጥ ሊነጥቁት ይመጣሉ። አውቶቡሱ መሃሉ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ረጅም ነው። ልጁ የመያዣ ብረቶቹን ይሽከረከርባቸዋል፣ ወንበሩን ይረግጣል፣ መስኮቱን ይጠቀማል፤ ቦታው ራሱ ይዋጋለታል። ይህ የጃኪ ቻን ትምህርት ቤት ነው፤ እንዲያው በስሜት አይደለም ይህን የምለው። የስታንት ሥራውን የመራው አውስትራሊያዊው ብራድ አለን ከጃኪ ቻን ቡድን የወጣ ሰው ነበር። ፊልሙ ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት ሞተ፤ ፊልሙም ለእሱ መታሰቢያ ሆኗል።

ቆረጣው ደግሞ የእኔ ጉዳይ ነው። ከሦስቱ ኤዲተሮች አንዷ «ጆን ዊክ»ን የቆረጠችው አይስላንዳዊቷ ኤሊሳቤት ሮናልድስዶቲር ናት። የእኔ ዳይሬክተር ምቱን ለመደበቅ ያስቆርጠኛል፤ እዚህ ግን በአብዛኛው የሚቆረጠው ምቱ ካረፈ በኋላ ነው። የሆንግ ኮንግ ሰዎች ከዚህም ያልፋሉ። ከሩቅ ሾት ወደ ቅርብ ሲሻገሩ ሁለት ሦስት ፍሬም ወደኋላ ይመልሱና ምቱን በድጋሚ ያስጀምሩታል። በሴኮንድ ሃያ አራት ፍሬም ውስጥ ሦስቷን ማንም አይቆጥራትም፤ ዓይን ግን ለመድረስ ጊዜ ያገኛል፣ ቡጢውም ይከብዳል።

ሻንግ ቺ እ.ኤ.አ. በ1973 በስቲቭ ኢንግልሃርት ድርሰትና በጂም ስታርሊን ሥዕል የተወለደ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ብሩስ ሊ በ«ኢንተር ዘ ድራገን» ዓለምን ባነቃነቀበት ዓመት። አባቱን ግን ከእንግሊዛዊው ሳክስ ሮመር ልቦለዶች ተውሰው ፉ ማንቹ አደረጉት፤ ፈረንጅ ቻይናን የሚፈራበትን ጭራቅ። ፊልሙ ይህን ጥሎ ዌንዉ የሚባል፣ ሚስቱን ቀብሮ ያበደ አባት አመጣ። ኮሚኩ ውስጥ የጣት የነበሩትን አሥሩን ቀለበቶችም የኩንግ ፉ ተለማማጆች ክንዳቸው ላይ የሚያጠልቋቸውን የብረት ቀለበቶች አስመሰላቸው። ለኮሚኩ ታማኝ አለመሆኑ ጠቅሞታል ባይ ነኝ።

ዌንዉን የሚጫወተው ቶኒ ሊዩንግ ነው። ጫካ ውስጥ ወደፊት ሚስቱ ከምትሆነው ከሊ ጋር የሚጋጠምበትን ልብ በሉ። እሱ በጡጫ ይመጣል፤ እሷ በተከፈተ መዳፍ ተቀብላ ጉልበቱን ወደ ሌላ ትሸኘዋለች። ሁለት ሰዎች ሲፋቀሩ እያየን ነው፤ አንድም የፍቅር ቃል ግን የለም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አባትና ልጅ ሲገጥሙ ልጁ የጨበጠውን እጅ ይከፍታል፤ የእናቱ እጅ ነው። አባትየው ያውቀዋል፤ እኛም ከዓይኑ እናነበዋለን። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እኔ ብሆን መቀሱን አስቀምጬ እጄን እታጠብ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ አባትና ልጅ ጨርሰው ሳይነጋገሩ ጭራቅ ይመጣል። ዘንዶ፣ ክንፍ ያላቸው ነፍስ በላዎች፣ የውኃ አዙሪት። ጥፋቱ ከኮሚኩ ባሕርይ የመጣ ይመስለኛል። ሠዓሊው ቡጢው ሲሰነዘርና ሰውየው ሲወድቅ ይስላል፤ መሃሉን የሚሞላው አንባቢው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ብቻውን መቆም አለበት። ፊልም ሠሪ ይህን ሲቀዳ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምስል ያገኛል፤ ልጁ ዘንዶ ላይ ሆኖ፣ ቀለበቶቹ እያበሩ። ያምራል፣ ግን ማንም ማንንም አልነካም። አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ክርን ሲያርፍ ትከሻዬን ሰብሰብ ያደረግኩት ሰውዬ እዚህ ቡናዬን እያማሰልኩ ነበር።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ አባቱ ሰው እንዲገድል ይልከዋል። መግደሉን የምንሰማው ከአፉ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። ልጁን የሚጫወተው ሲሙ ሊዩ በሰውነቱ ይህን ሁሉ ሊናገር በሚችልበት ፊልም ውስጥ ትልቁን ቁስል በወሬ ማለፍ ያናድዳል።

በማግስቱ ሠላሳ ስምንቱን ሾት ሰርዤ ጥሬውን ቀረጻ እንደገና ከፈትኩ። ሁለተኛው ካሜራ በባላንጣው ትከሻ በኩል የቀረጸው ቴክ ነበረ፤ ከዚያ አንግል ስንዝሯ አትታይም። ሾቶቹ አሥራ አንድ ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች እግራቸው መሬት ረገጠ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሌላ ሾት አልነበረም፣ ስንዝሯም እንዳፈጠጠች ቀረች።

ዳይሬክተሩ አየውና «እዚህ ጋ አልመታውም እኮ» አለ።

«አልመታውም» አልኩት። የቡጢውን ድምፅ አጥፍቼ፣ ባላንጣው ጭንቅላቱን ወደኋላ ሲስብ ስድስት ፍሬም ጨመርኩለት። አሁን የሳተው ተዋናዩ አይመስልም፤ ያመለጠው ሰውዬ ነው ጎበዝ።