ስለ ሥነ ልቡና ሐኪሞች ትምህርትና ልምምድ

የሥጋ ቍስል ለዓይን ይታያል፤ የልብ ሕመም ግን የሚታወቀው አስተውሎ በሚሰማ ጆሮ ነው። ስለዚህ በሥነ ልቡና ሕክምና የሚሰማራ ወጣት የምስክር ወረቀት ስለ ተቀበለ ብቻ ሙያውን ፈጸመ አይባልም።

በአሜሪካ አገር ላይትነር ዊትመር የተባለ መምህር፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1896 ዓመተ ምሕረት፥ በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ አቆመ። መጀመሪያ ከረዳቸውም አንዱ ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ የተሳነው ልጅ ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንፈሳቸው የታወከ ወታደሮች ስለ በዙ ብዙ ባለሙያ አስፈለገ። በ1949 በኮሎራዶ፥ በቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ መምህራንም ሠልጣኙ ምርምሩንና ሕክምናውን አስተባብሮ ይማር ዘንድ መከሩ።

ዛሬም በዚያ አገር ለዶክተርነት የሚማረው ሰው አንድ ዓመት ያህል በሆስፒታል ወይም በክሊኒክ በአሠልጣኝ ሥር ይሠራል፤ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘውም ፈተና አልፎ ነው።

የአሠልጣኙ ጥቅም እንዲህ ነው። ሕይወቱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው፥ «ከእንግዲህ ለማንም ሸክም አልሆንም» ብሎ ሐሳቡን ሸፍኖ ቢናገር፥ ጀማሪው እንደ ተራ ምሬት ቈጥሮ ሊያልፈው ይችላል። የሰማውን ለአሠልጣኙ ሲያስረዳ ግን፥ አሠልጣኙ፥ «ስለ ሞት ማሰቡን በግልጥ ጠየቅኸውን?» ይለዋል። በዚህ አንድ ጥያቄ የሰው ነፍስ ትተርፍ ይሆናል።

ደግሞም የሰውን ኀዘን ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ወጣት እርሱም ይደክማል፤ የታማሚውን ምሥጢር ጠብቆ ድካሙን የሚያማክረው ታላቅ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት አለቆች ጀማሪውን ብቻውን አይተዉት፤ ወላጆችም ልጃቸው ቶሎ ደመወዝ ያገኝ ዘንድ ልምምዱን አያሳጥሩበት። የሚቸኵለው ወጣቱ ቢሆንም ጉዳቱ የሚደርሰው በታማሚው ላይ ነውና።