ወንዝ ሲያገግም ማን ይጠቀማል?

ቄራ የአዲስ አበባ ዋና የከብት ማረጃ ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሰፈር ነው። የእርድ ደምና ፈርስ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ የሚያበሰብሱት ተህዋስያን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣና ሌሎች የውሃ እንስሳትም መኖር ያቅታቸዋል። ጉዳቱ ግን ቄራ ላይ አይቆምም። የከተማዋ ወንዞች በአቃቂ አድርገው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከተሜው የሚመገበው ጎመንና ሰላጣም በከፊል በዚሁ ውሃ ይለማል። ስለዚህ ወንዝን ማከም አስቀድሞ የጤና ጉዳይ ነው፤ ውበት ከዚያ ይከተላል።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ገደማ ተገምቶለት ነበር። ድሃ በበዛበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው ሊባል ይችላል፤ ብክለቱ ቀድሞ የሚጎዳው ግን ወንዝ ዳር የሚኖረውን ድሃ ነው። ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ዳርቻው ሲለማ ነዋሪው ከተነሣ ዕድሩም ዕቁቡም ይበተናል። ይህ ሥራውን ለመተው ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል ምክንያት ይሆናል፦ መጀመሪያ ፍሳሹን ከምንጩ ማጣራት፣ የቄራውን ፈርስ ወደ ባዮጋዝና ማዳበሪያ መለወጥ፣ ነዋሪውንም የልማቱ ተካፋይ ማድረግ።