«እስካሁን የት ነበርሽ?»

ሁሩታ ላይ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ አስቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሚበዛው የድንበር፣ የቀለብና የውርስ ጉዳይ ነው፤ ለፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ፣ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው በአማርኛ። የቀድሞ ጦር አባላትም ስለ ጡረታቸው ይመጣሉ። እነሱ በላስቲክ ጠቅልለው ያቆዩትን መታወቂያና የሐኪም ወረቀት ይዘረግፉልኛል። ባዶ እጁን የሚመጣው የተደፈረ ሰው ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ገና ሳይቀመጡ፣ «ጋሼ፣ እስካሁን የት ነበርሽ ቢሏትስ?» አሉኝ። የካሳው ጉዳይ ሁሉ የሚወድቅበትም የሚነሣበትም እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

አርሲ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በጉና ወረዳ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጥሏት ጠላፊው ቢያዝም በዋስ ወጣ፤ ወጥቶም መልሶ ጠለፋት፣ ወር ያህል ደብቆ አቆያት፣ የጋብቻ ውልም በግድ አስፈረማት። ውሉን የፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያስመልጠው ነበር።

በሐምሌ 1995 የወረዳው ፍርድ ቤት በጠላፊው ላይ 10 ዓመት፣ በአራቱ ግብረ አበሮቹ ላይ ስምንት ስምንት ዓመት ፈረደ። በኅዳር 1996 ግን የአርሲ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስረጃው በፈቃዷ መሆኑን ያሳያል ብሎ አምስቱንም ለቀቀ። ለበላይ ፍርድ ቤት የቀረበው አቤቱታም ሰሚ አጣ። ኢኳሊቲ ናው የተባለ ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ባንጁል ወዳለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቷን ሳይጠብቃት ቀርቷል ብሎ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፍላት ወሰነ።

በጋብቻ የማምለጫው ቀዳዳ እስከዚያው ተደፍኗል። ከጉናዋ ልጅ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን በገዛ መሣሪያው ገድላ ተከስሳ ነበር። የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊና ይኸው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመውላት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች፤ አገሩም ስለ ጠለፋ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ከግንቦት 1997 ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ጠላፊን ማግባቱ አያድነውም።

የካሳው ሕግ ግን ባለበት ቀረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2114፣ በመድፈር የተፈረደበት ሰው ተበዳይዋን እንዲክስ ዳኛው ሊያዝ ይችላል ይላል። ወረድ ብሎ ቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር አይበልጥም ብሎ ይዘጋዋል። ዛሬ በ1,000 ብር እዚህ ስንዴ አገር ውስጥ እንኳ አንድ ኩንታል ስንዴ አይገዛም። የሕክምና ወጪና የታጣ ገቢ ለብቻው ይጠየቃል፣ እንዲህ ያለ ጣሪያም የለበትም። ስለዚህ ደረሰኝ አትጣሉ እላለሁ።

ማስረጃውስ እንዴት ይመዘን? እዚህ ላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የደከሙበት መንገድ ይጠቅመናል። ሩት ሙር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለች አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደፈራት፤ የሚገባትን ክፍያ ለማግኘት 23 ዓመት ፈጀባት። ጦር ቤት አለቃን መክሰስ የሚደፍር ጥቂት ስለሆነ መዝገብ አይገኝም። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ይደረግ ነበር። በኋላ የወጣው ደንብ ሌላ በር ከፈተ። የቤተሰብ፣ የክፍል ጓደኛ ወይም የቄስ ምስክርነት፣ ድንገት ዝውውር መጠየቅ፣ የሥራ መዳከም፣ መጠጥ መጀመር፣ ሁሉም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ እኩል ለእኩል ሲሆንም ጥርጣሬው ለጠያቂው ያደላል።

ደንብ ብቻውን ግን አልበቃም። በ2018 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የራሱ ተቆጣጣሪ ሲመረምር፣ ውድቅ ከተደረጉት የዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ በአግባቡ ሳይታዩ የተዘጉ ሆነው አገኛቸው። ፋይሉን የሚያየው ሰው ለዚህ ጉዳይ በቂ ሥልጠና አልነበረውም። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ በዲቦራ ሳምፕሰን ስም የሚጠራው ሕግ እነዚህን ጥያቄዎች ለዚሁ የሠለጠኑ ቡድኖች ብቻ እንዲያዩዋቸው አዘዘ። ማስረጃውን ይበልጥ የሚያቀል ረቂቅም ለምክር ቤታቸው በተደጋጋሚ ቀርቧል።

በእኛም ዘንድ ቀድሞ ማመን የሚባል ነገር ነበር፤ አሁንም አለ። አርሲ ውስጥ ያገባች ሴት ስትበደል ሲንቄ የሚባለውን በትሯን ይዛ ትጮሃለች፤ ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ እንጂ ወረቀት አምጪ አይሏትም። ሲንቄ የሚሰጠው ግን በሠርግ ቀን ነው፤ ያላገባች ልጅ የላትም። እሷን የሚጠብቃት ብዙ ጊዜ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ገብቶ ለአባትየው የሚያስከፍለው ገንዘብ የልጅቷ ካሳ አይደለም፤ የወንጀሉን ክስም አያስቀርም።

ለእናትየው ያልኳቸውን ለሁሉም እላለሁ። ጥቃት ሲደርስ ሳይታጠቡ፣ ልብስም ሳያጥቡ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ነው። ከኤችአይቪና ካልተፈለገ እርግዝና የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አያስተማምንም። አዳማ ሆስፒታል ሕክምናውንና የፖሊስ ቃሉን አንድ ቦታ የሚጨርስ ማዕከል አለው። የካሳ ጥያቄው ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ሊቀርብ ይችላል። ጊዜው አልፎ ከሆነ ደግሞ ዝምታውን ራሱን እጽፈዋለሁ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ትምህርት እንዳቆመች፣ ውኃ ልትቀዳ በየት መሄድ እንደተወች፣ መጀመሪያ ለማን እንደነገረች፣ የሰማው ሰው ስም ከነቀበሌው ይሰፍራል።

ጉዳዩ ከሁሩታም ያልፋል። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለተጎጂዎች ካሳን ያካትታል። በሰሜኑ ጦርነት ትግራይ፣ አማራና አፋር ውስጥ የተደፈሩት ሴቶች ያን ጊዜ የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ ብዙው ተዘርፎ ወይም ፈርሶ ነበር። ከእነሱ የሐኪም ወረቀት መጠየቅ በሩን መዝጋት ነው። ካሳውን የሚያስፈጽመው ሕግ የዘመድና የጎረቤት ቃልን ይቀበል፤ መዘግየትን እንደ ውሸት አይቁጠር፤ ፋይሉን ለሠለጠነ ሰው ይስጥ፤ ገንዘቡንም በተጎጂዋ ስም በተከፈተ ሒሳብ ያስገባ። የ1,000 ብሩን ጣሪያ ለማንሣት ደግሞ ጦርነት መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ ማሻሻል ይበቃል።