#ጤና | ለዓይነት 2 ስኳር «ክሊኒካል ትራያል» መግባት ይቻላል? ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን አንብቡ

«ስኳርን በ21 ቀን የሚያጠፋ አዲስ መድኃኒት! ለሙከራ የሚፈለጉት 50 ሰዎች ብቻ ናቸው። የመመዝገቢያ ክፍያ በዚህ ቁጥር አስገቡ።»

እንዲህ ዓይነት መልእክት በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ደርሷችሁ ሊሆን ይችላል። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ደግሞ ዝም ብላችሁ አታልፉትም። መድኃኒቱ ተወዷል፣ መርፌው አሰልችቷል፣ «አዲስ ነገር የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ስልኩ በእናንተ እጅ ስለሆነ «እስቲ ፈልግልኝ»፣ «እስቲ ፈልጊልኝ» የምትባሉትም እናንተው ናችሁ።

አዲስ ነገር አለ፣ በየጊዜው እየተሞከረም ነው። ሰው በፈቃዱ ገብቶ የሚሳተፍባቸው ሕጋዊ ሙከራዎችም አሉ። ግን እውነተኛ ሙከራ ከላይ እንዳለው ማስታወቂያ አይጠራም። ልዩነቱን እንይ።

▪️ ክሊኒካል ትራያል ምንድነው?

አንድ መድኃኒት፣ መሣሪያ ወይም የአመጋገብ ዘዴ በሰው ላይ ይሠራል ወይ፣ ጉዳትስ አለው ወይ የሚለው የሚጣራበት ጥናት ነው። አዲስ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ያልፋል፦

ደረጃ 1፦ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል። ዋናው ጥያቄ «አደጋ አለው ወይ? መጠኑስ ስንት ይሁን?» ነው።
ደረጃ 2፦ ሕመሙ ባለባቸው በርከት ያሉ ሰዎች ላይ ይሞከራል። «ይሠራል ወይ?» የሚለው እዚህ መታየት ይጀምራል።
ደረጃ 3፦ ከመቶዎች እስከ ሺዎች በሚደርሱ ታማሚዎች ላይ፣ አሁን ካለው ሕክምና ወይም ከፕላሴቦ ጋር ይነጻጸራል። ፕላሴቦ ማለት መድኃኒት የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወይም መርፌ ነው።
ደረጃ 4፦ መድኃኒቱ ተፈቅዶ ገበያ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ የምትሰሙት ኦዜምፒክ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ለዓይነት 2 ስኳር የተፈቀደው በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች በሙከራ ከተሳተፉ በኋላ ነው።

ሁሉም ሙከራ ግን የመድኃኒት አይደለም። በብሪታንያ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በወጣው «ዳይሬክት» ጥናት 306 ሰዎች ተሳትፈዋል። አንደኛው ቡድን ለወራት በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው ምግብ እየወሰደ ክብደቱን እንዲቀንስ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ከዚህ ቡድን 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመሙ መለኪያ በታች ወርዶ ተገኘ። በተለመደው ሕክምና በቀጠለው ቡድን ግን 4 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ የሆነው በሐኪም ክትትል ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻችሁን የምትሞክሩት አይደለም።

▪️ አደጋ የለውም ማለት ነው?

አለው። በአሜሪካና ካናዳ የተካሄደውን «አኮርድ» የሚባል ትልቅ ጥናት እንውሰድ። 10,251 የዓይነት 2 ስኳር ታማሚዎች ነበሩበት። ጥያቄው «የደም ስኳርን ከተለመደው በላይ በጣም ብናወርደው ልብን ይጠብቃል ወይ?» የሚል ነበር። ብዙ ባለሙያ መልሱ «አዎ» ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፦ ስኳሩን አጥብቆ በሚያወርደው ቡድን 257፣ በሌላው ቡድን 203 ሰዎች ሞቱ። ውጤቱን እየተከታተለ የነበረው ገለልተኛ የደህንነት ቡድን ባቀረበው ሐሳብ መሠረት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ያኛው ሕክምና ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሐኪምም ቢሆን መልሱን አስቀድሞ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ሙከራ ባላስፈለገ። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ሙከራ «ይቁም» የሚል ተቆጣጣሪ አለው። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ይህ የለውም።

▪️ በስልካችሁ እንዴት ትፈልጋላችሁ?

ሦስት ነፃ መዝገቦችን ያዙ፦

1. ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ፦ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደር፣ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ነው። የአሜሪካ ብቻ ሳይሆን የብዙ አገሮች ጥናት አለበት።
2. የፓን አፍሪካ ክሊኒካል ትራያልስ መዝገብ፦ መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በአፍሪካ የሚደረጉ ሙከራዎች ይመዘገቡበታል።
3. የዓለም ጤና ድርጅት የፍለጋ ገጽ፦ የተለያዩ አገሮችን መዝገቦች አንድ ላይ ያስፈልግላችኋል።

አፈላለጉ ቀላል ነው። በሕመም ቦታው ላይ ዓይነት 2 ስኳርን በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ አገር ምረጡ፣ ከዚያ ሁኔታው ላይ «ሪክሩቲንግ» የሚለውን ብቻ አስቀሩ። ይህ ማለት አሁን ሰው እየተቀበሉ ነው ማለት ነው። «ኮምፕሊትድ» ካለ አልቋል። «አክቲቭ፣ ኖት ሪክሩቲንግ» ካለ ደግሞ ጥናቱ እየተካሄደ ነው፣ ግን አዲስ ሰው አይቀበሉም።

ኢትዮጵያ ብላችሁ ስትፈልጉ እንደ አሜሪካና አውሮፓ ረጅም ዝርዝር አትጠብቁ። ባይገኝ ተስፋ አትቁረጡ፤ የስኳር ክትትል የምታደርጉበትን ሐኪም ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ጽሑፉን በስልክ ወደ አማርኛ መተርጎም ይቻላል። ግን የመድኃኒት ስምና ቁጥር ላይ ትርጉሙን ብቻ አትመኑ፤ ዋናውን ጽሑፍ ለሐኪም አሳዩ።

▪️ ገጹ ላይ ምን እናንብብ?

መለያ ቁጥር፦ በአሜሪካው መዝገብ ከሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በኋላ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ታገኛላችሁ። ማስታወቂያ ካያችሁ ይህን ቁጥር ጠይቁና ራሳችሁ መዝገቡ ላይ አስገቡት።

የመግቢያ መስፈርት፦ ዕድሜ፣ ከታመሙ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የኩላሊት ሁኔታ፣ እንዲሁም ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው «ኤችቢኤዋንሲ» ምርመራ። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት የቅርብ ጊዜ ውጤቱን ያዙ። መስፈርቱን አለማሟላት ጥፋት አይደለም፤ አብዛኛው መስፈርት የተቀመጠው ሰውን ከጉዳት ለመጠበቅና ውጤቱ እንዳይዛባ ነው።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ፦ መዝገብ ላይ መኖር ማለት መንግሥት መርምሮ «ደህና ነው» ብሏል ማለት አይደለም። የአሜሪካው መዝገብ ራሱ ይህን ገጹ ላይ ጽፎታል። መመዝገብ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው፣ የመጨረሻው አይደለም።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመድኃኒት ክሊኒካል ሙከራ ያለ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይካሄድም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም ማየት አለበት። «የማን ፈቃድ አላችሁ? የትኛው ኮሚቴ አየው?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

▪️ ፊርማ ከማድረጋችሁ በፊት

የስምምነት ቅጽ ይሰጣችኋል። በሚገባችሁ ቋንቋ ሊብራራላችሁ ይገባል። ቤት ወስዳችሁ ከቤተሰብ ጋር ተማከሩበት። እነዚህን ጥያቄዎች ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፦

➤ ቡድን የሚመደበው በዕጣ ነው? ፕላሴቦ ሊደርሰኝ ይችላል?
➤ አሁን የምወስደው ሜትፎርሚን ወይም ኢንሱሊን ይቀጥላል?
➤ ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ? ትራንስፖርት ይሸፈናል?
➤ ብጾም መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እወስዳለሁ? ስኳሬ ቢወርድስ?
➤ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ለማን ነው የምደውለው? ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመኝ ማነው?
➤ ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማግኘት እቀጥላለሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። መድኃኒቱ ተስማምቷቸው፣ ጥናቱ ሲያበቃ ግን መግዛት የማይችሉበት ሁኔታ ሊፈጠር ስለሚችል ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ከፈረማችሁ በኋላም በማንኛውም ጊዜ መውጣት ትችላላችሁ። በመውጣታችሁ መደበኛ ሕክምናችሁ ሊቋረጥባችሁ አይገባም። ስትወጡ ግን ለቡድኑ ንገሩ፤ አንዳንድ መድኃኒት በድንገት አይቆምም።

▪️ በውጭ ያላችሁ

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ላላችሁ፣ ቤተዝዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ክሊኒካል ሴንተር ለምርምር ብቻ የቆመ ሆስፒታል ነው። እዚያ በጥናት የሚሳተፉ ሰዎች ለጥናቱ ሕክምና አይከፍሉም። በአሜሪካ የፌደራል ደንብ መሠረትም የጥናቱ መረጃ ተሳታፊው በሚረዳው ቋንቋ መቅረብ አለበት። ለእናታችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጅ ሲያስተረጉም ክፉውን ዜና ዘሎ ደጉን ብቻ ሊናገር ይችላል፤ እናቶችም ልጅ ፊት የማይናገሩት ነገር አለ።

▪️ እነዚህን ካያችሁ ራቁ

❌ ለመመዝገብ ወይም «ቦታ ለመያዝ» ገንዘብ ይጠይቃሉ
❌ «ሙሉ በሙሉ ይፈውሳል»፣ «ጉዳት የለውም» ይላሉ
❌ «ዛሬ ካልተመዘገባችሁ ያልቃል» እያሉ ያጣድፋሉ
❌ መለያ ቁጥር፣ የተቋም ስምና የዋና ተመራማሪ ስም የላቸውም
❌ «ሐኪም የሰጠህን መድኃኒት አቁም» ይላሉ

የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በማስታወቂያ ተታሎ ቢያቆም በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከ400 ብር የመመዝገቢያ ክፍያ በላይ የሚያስፈራን ይሄ ነው።

ዛሬ የምንወስደው የስኳር መድኃኒት ሁሉ የማናውቃቸው ሰዎች ፈቅደው የተሞከረባቸው ነው። ወላጆቻችሁ እንደዚያ መሳተፍ ከፈለጉ መልካም። ብቻ ሳይጣደፉ፣ ጠይቀው፣ ሐኪማቸው አውቆት ይሁን።

ማታ ቤት ስትገቡ ከፍለጋው በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የመድኃኒት ዝርዝርና የመጨረሻ ምርመራ ውጤት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሙከራ ቢገኝም ባይገኝም ይጠቅማችኋል።

ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ ላለ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት።