የመቻራ ቁልቁለት፦ በካቦ ወይስ በዘይት ፍሬን?

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ የሚወርደው አስፋልት ከ1,800 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,330 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ብስክሌቱና ነጂው አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ፍሬን የሚይዘው የቀረው ሁሉ ግን ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው የጣት ርዝመት ባላቸው አራት የላስቲክ ሸራዎችና በሚነክሱት ቸርኬ ላይ ነው።

ከጭሮ ወደ ደቡብ፣ በበዴሳና በገለምሶ አድርጎ መቻራ የሚዘልቅ ብስክሌተኛ ደግሞ የጨርጨርን ተራሮች ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። መቻራ ያለችበት የዳሮ ለቡ ወረዳ የቡና አገር ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ማሳዎቹ የሚታጠፈው የአፈር መንገድ በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። እዚህ ፍሬን መምረጥ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

የተራራ ብስክሌት ራሱ ከፍሬን ጣጣ ጋር አብሮ ያደገ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን ይዘው ቁልቁለት መወዳደር ጀመሩ። ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ፍሬናቸው በመውረድ ላይ እያለ ግሎ ግራሶውን ያቃጥለው ነበር። ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ስለነበር የውድድሩ ስም «ሪፓክ»፣ «እንደገና ሙላ» እንደማለት፣ ሆኖ ቀረ። ማጉራ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቸርኬን በዘይት ግፊት የሚይዝ ፍሬን ያወጣው በ1987 ነው። ዛሬ በብዙ ብስክሌቶች ላይ የሚታየውን፣ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉትን የካቦ ፍሬን ሺማኖ የተባለው ኩባንያ ገበያ ላይ ያዋለው ደግሞ በ1996 ገደማ ነው፤ የተራራ ብስክሌት አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር በሆነበት ዘመን ማለት ነው።

የካቦው አሠራር ለዓይን ግልጽ ነው። ጣት እጀታውን ይስባል፣ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ሽቦ ክንዶቹን ያቀራርባል፣ ሸራው ቸርኬውን ይነክሳል። ድካሙ ያለው ሽፋኑ ውስጥ ነው። ጭቃና ዝገት ሲገባበት ሽቦው ይከብዳል፣ እጅ ይዝላል፣ ፍሬኑም ሲለቁት ቶሎ አይመለስም።

በዘይቱ ፍሬን ይህ ችግር የለም። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር ዝግ ስለሆነ አቧራ አይገባበትም። ግፊቱ ለግራና ለቀኙ ሸራ እኩል ይደርሳል፤ በአንድ ጣት ብቻ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ይቻላል። በአንድ ቦታ ቆመው በድንጋይ ላይ የሚዘሉ የትርዒት ብስክሌተኞች እስከ ዛሬ የሚወዱትም ጎማውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆምላቸው ነው። በአያያዝ ብቻ ቢመዘን ዘይቱ ይበልጣል፤ በዚህ መከራከር አይቻልም።

ክርክሩ የሚጀምረው ሲበላሽ ነው። ካቦ ቢበጠስ መለወጫው ርካሽ ነው፤ ፒንሳና አንድ የብሎን መፍቻ የያዘ ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይቀይረዋል። የዘይቱ ቱቦ ድንጋይ ላይ ተጋጭቶ ቢቀደድ ግን ተመሳሳይ ቱቦ፣ ማያያዣው፣ አየሩን ማስወጫ ሲሪንጅና ትክክለኛው ዘይት ሁሉም መገኘት አለባቸው። ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ዘይቱ ነው። ማጉራ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ሲሆን፣ በየከተማው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው። «ፍሬን ዘይት ያው ፍሬን ዘይት ነው» ብሎ የሞላ ሰው የውስጥ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ፍሬኑም ከዚያ በኋላ አይታመንም።

ስለዚህ ገለምሶ ወይም መቻራ ለሚኖርና ብስክሌቱን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ካቦው ይሻላል። ዘይቱ የሚመከረው መለዋወጫውን አስቀድሞ ከነዘይቱ ገዝቶ ቤቱ ላስቀመጠ ብቻ ነው።

ከሁለቱም በፊት ግን ቸርኬውን ማየት ይገባል። ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ሸራው ይንሸራተትበታል፤ በደረቅ መንገድ ቶሎ የቆመው ብስክሌት በዝናብ ብዙ ርቀት ሄዶ ነው የሚቆመው። ይህን ካቦም ዘይትም አያድነውም። አሉሚኒየም እጅግ ይሻላል። መለያው ቀላል ነው፤ ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ብረቱን ይይዛል፣ አሉሚኒየሙን አይዝም። አሉሚኒየምም ቢሆን ዕድሜ አለው፤ ጭቃ የጠጣ ሸራ ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቸርኬ በጎማው ግፊት ሊሰነጠቅ ስለሚችል መለወጥ አለበት።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የእጀታውንም ነገር ይጠይቅ። ረጅም ክንድ ያለው የካቦ ፍሬን ብዙ ሽቦ የሚስብ እጀታ ይፈልጋል። ከድሮ ዓይነት ፍሬን የተረፈ እጀታ ከተገጠመለት እጀታው መሪው ላይ ይደርሳል እንጂ ሸራው በቂ አይዝም።

አወራረዱም ልማድ ይፈልጋል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ የተለጠፈ ካላማዳሪያ ካለም የማጣበቂያው ማስቲሽ ሊለቅ ይችላል። ከኩርባ በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ቸርኬው ነፋስ እንዲያገኝ ጊዜ ይሰጠዋል።

ካቦ ገዝቶ በኋላ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ብስክሌቱን መሸጥ አያስፈልገውም። ሁለቱም ዓይነት ፍሬኖች የሚታሰሩት በሹካው ላይና በኋላው ፍሬም ላይ በተበየዱት በእነዚያው ሁለት ሁለት ጉጦች ነው።