ኔትወርክ በሌለበት የሚያቀባብለው ሶፍትዌር

ከመቱ ወደ በደሌ የሚጓዝ ሰው ያዩ ሳይደርስ ሁሩሙን ያገኛል። ወረዳው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ከተመዘገበው የያዩ የቡና ደን የተወሰነውን ይዟል፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ደኑ ለሚገባ ሰው ኔትወርክ አንዴ መጣ፣ አንዴ ጠፋ ነው። አንድን መተግበሪያ በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች መካከል ስለሚያጋራው ሶፍትዌር፣ ስለ ሚድልዌር፣ ለማውራት እንዲህ ያለ ቦታ ከየትኛውም ቤተ ሙከራ ይሻላል።

ሚድልዌር በመተግበሪያውና በኔትወርኩ መሃል ተቀምጦ መልእክት ያደርሳል፣ መረጃ ያመሳስላል። ተጠቃሚው ስሙን እንኳ አይሰማውም። ዘርፉ ያደገው መስመር በማይቋረጥባቸው ቢሮዎች ነው፦ ኮርባ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የጃቫው አርኤምአይ በ1997፣ የሰን ኩባንያ ጂኒ በ1999 መጡ። ሩቅ ያለውን ፕሮግራም አጠገብህ እንዳለ ለመጥራት ያስችሉ ነበር። የሰን ባልደረባ የነበረው ፒተር ዶይች የፕሮግራመሮችን የተሳሳቱ ግምቶች ሲዘረዝር ግን «ኔትወርኩ አስተማማኝ ነው» የሚለውን ከሁሉ አስቀድሞታል። ለእኛ የሚበጀው መንገድ የተጀመረው በሌላ በኩል ነው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኮዳና የዜሮክስ ፓርኩ ባዩ መቋረጥን እንደ ወትሮ ነገር ቆጥረው ተነሡ፤ ሥራው እመሣሪያው ላይ ይከናወናል፣ መስመር ሲገኝ ይታረቃል።

የዚህ ሐሳብ ትልቁ የአገራችን ምሳሌ ኢቺስ የተባለው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለዓመታት በወረቀት የቤተሰብ ማህደር ሲሠራ ኖሮ፣ ጤና ሚኒስቴር ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ ወደ ታብሌት አሸጋገረው። ባለሙያዋ ነፍሰ ጡሯን ቤቷ ሄዳ ታያለች፣ ቅጹን እዚያው ትሞላለች፤ ቅጹ ታብሌቱ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል፣ ዳታ ሲገኝ ይላካል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጤና ኬላ እንደ ደንቡ ሁለት ባለሙያዎች አሉ። አንዷ ሰኞ የአንዲት እናት ስልክ ቁጥር ትመዘግባለች፤ ታብሌቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ኔትወርክ አያገኝም። ባልደረባዋ ረቡዕ አዲሱን ቁጥር አስገብታ በዕለቱ ትልካለች። ዓርብ የሰኞው ቅጽ ሲደርስ አሮጌው ቁጥር አዲሱን ይተካል። ኮምኬር ቅጾቹን ሁሉ ቢያስቀምጥም በመዝገቡ ላይ የሚጸናው ዘግይቶ የደረሰው ነው፤ ዘግይቶ የደረሰው ደግሞ ዘግይቶ የተሞላው ላይሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲአርዲቲ የሚባሉ፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደርሱ ወደ አንድ ውጤት የሚመጡ የመረጃ አወቃቀሮችን አቅርበዋል። መሣሪያዎቹን ያስማማሉ፤ የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ግን ደውሎ ከማጣራት ሌላ ዘዴ አላውቅም።

ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚመራው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ የጤና መረጃ ሶፍትዌር ያልፋል። እዚህ ደግሞ ጣጣው የቀን አቆጣጠር ነው፦ የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርትም ካለፈው ወር 21 እስከ ወሩ 20 ያለውን ይሸፍናል። ሥርዓቱ በአገሩ አቆጣጠር መሥራት ነበረበት።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር በ*127# ሲከፈት የኢቺስን ተቃራኒ መንገድ ይከተላል፤ ሁሉ ነገር ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ተራ ስልክም ይበቃዋል። ሲግናል መሃል ላይ ከጠፋ ግን ሜኑውን ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ወጣቱ የሚያውቀው ማጋሪያ ግን ዜንደር ነው። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይገናኛል፣ መተግበሪያው ያለ ምንም የኢንተርኔት ወጪ ከስልክ ወደ ስልክ ያልፋል። በዳታ ዋጋ ለሚማረር ሰው ግልግል ነው። ሆኖም አንድሮይድ የአዘጋጁን ዲጂታል ፊርማ ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽረው በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ሲታደስ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫን የሚያነጻጽርበት የለውም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ቅጂም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታውን በዜንደር፣ የባንኩን መተግበሪያ ግን ጥቂት ሜጋባይት ከፍሎ ከፕሌይ ስቶር።